ከቤይሩት የመጣው ጌም

ባለፈው መስከረም ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ሚዛን ሄጄ ነበር። አማን ላይ ከባጃጅ እንደወረድኩ ዝናብ ያዘኝና አንድ የቴሌቪዥን መጠገኛ ቤት በረንዳ ስር ተጠለልኩ። ውስጥ አንድ ወጣት ከእነዚያ ጀርባቸው ካበጠ የድሮ ቴሌቪዥኖች አንዱን ከፍቶ ይሞክራል። ቴሌቪዥኑ እየሞቀ ሲሄድ ጀርባው ላይ የተኛው አቧራ መሽተት ጀመረ። ከአጠገቡ የእርጥብ ቦቲና በጆንያ የተቀመጠ ኮረሪማ ሽታ ነበር። ሦስቱ ሽታዎች ተቀላቅለው ሲመጡብኝ ዝናቡ ካባራ በኋላም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ወጣቱ «የምትፈልጊው ነገር አለ እህቴ?» እስኪለኝ ድረስ አራተኛ ክፍልን ጨርሼ አምስተኛን የምጠብቅበት ክረምት ውስጥ ነበርኩ።

በዚያ ክረምት ቤታችን ውስጥ የነበርነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። አባቴ ታደሰ ይባላል። ሰሜን ጦርነት ዘምቶ ሲመለስ አላወቅሁትም ነበር። እናቴ «አባትሽ ነው፣ ሳሚው» ስትለኝ ከቀሚሷ ኋላ ተደበቅሁ። እሱም አላስገደደኝም። ጉንጬን በአንድ ጣቱ ነካ አድርጎ ወደ ጓሮ ወጣ። ከዚያ በኋላም እንደዚያው ሆነን ቀረን፤ እሱ ወደ ጓሮ፣ እኔ ወደ እናቴ።

ከሠራዊቱ እንደተቀነሰ አንድ የቡና እርሻ ውስጥ የጥበቃ ሥራ ተገኝቶለት ነበር። ጠመንጃ የሚያስይዝ መሆኑን ሲሰማ እምቢ አለ። «አረም ልንቀል፣ ጆንያ ልሸከም፣ እሱን ብቻ ተዉኝ» አላቸው። አረም ነቀለ፤ ጆንያም ተሸከመ። ግን የቡና ሥራ ወቅት አለው፤ ከወቅቱ ውጭ ቤት ይቀመጣል። በመጨረሻ እናቴ ቤይሩት ሄደች። አከራያችን እትዬ ዘውዲቱ በአጥሩ በኩል ለጎረቤት ሲያወሩ፣ «ጠመንጃ አልይዝም ብሎ ሚስቱን ሰው አገር ሰደዳት» ሲሉ ሰማሁ። እኔ የገባኝ አባቴ ጠመንጃ የሚፈራ ሰው መሆኑ ነው። ጠመንጃ የማያውቅ ወታደር ይኖራል ብዬም አመንኩ።

ጌሙን የላከችው እናቴ ናት። የአሠሪዎቿ ልጆች ሌላ ሲገዛላቸው የጣሉትን ማሽን ለመነችና ወደ አማን ለምትመለስ ሴት በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሰጠቻት። «የፊተኛውን ክፍል ጌም ቤት አድርገው፤ ቤትህ ሆነህ ትሠራለህ፤ አስቴርም ብቻዋን አትሆንም» ብላ በስልክ ነገረችው። እሷ በላከችው ብር አባቴ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን ገዛ። ከማሽኑ ጋር የመጡት ሲዲዎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ኳስ ነው፤ እሱ ተጭሮ ስለነበር ትንሽ ተጫውተውበት መሽከርከር ብቻ ሆነ። የቀረው የሰላዩ ነው። ጥቁር ሱፍ ለብሶ ክራባት ያሰረ ሰው፣ ከአገር አገር እየሄደ፣ በር እየከፈተ የሚተኩስበት። ጠመንጃ የማይይዘው አባቴ፣ ቀኑን ሙሉ ጠመንጃ የሚተኮስበት ቤት ባለቤት ሆነ።

ልጆቹ ከጠዋት ይሰለፋሉ። ቦቲያቸውን በር ላይ አውልቀው፣ በባዶ እግራቸው ሰሌን ላይ ተደርድረው፣ የእርጥብ ልብሳቸው እንፋሎት ክፍሉን ይሞላዋል። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ጓደኛዬ ማርታ ለክረምቱ ጌጫ አያቷ ጋ ሄዳለች፤ ሌሎቹን ሴት ልጆች ደግሞ እናቶቻቸው ወደኛ ቤት መላክ አቆሙ። «ወንድ የሚሞላበት ቤት ነው» አሉ መሰለኝ። እናቴ ብቻዬን እንዳልሆን ብላ የላከችው ነገር ብቻዬን አስቀረኝ። እኔ ጓዳ ውስጥ ጎደሬ እየላጥኩ ተኩሱን በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። አባቴ በር ላይ በርጩማ አስቀምጦ፣ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ፣ መንገዱን ሲያይ ይውላል። የጭቃውን መንገድ፣ የሚዛንን ሚኒባስ፣ ዝናቡን። ተኩሱ ሲበረታ ትከሻው ትንሽ ወደ ላይ ይሰበሰባል።

የኔ ሰዓት ጠዋት ነበር፣ ልጆቹ ሳይመጡ። አባቴ ክፍሉን ጠርጎ ማሽኑን ሲከፍት «ትንሽ ተጫወቺ፣ እንዲሞቅ» ይለኛል። ማሽን ሞቆ ካልተጀመረ ይበላሻል ብሎ ያስብ ይሆናል፤ ወይም እንድጫወት ሌላ አባባል አጥቶ ነው። እኔ ግን መተኮስ አልፈልግም ነበር። የምፈልገው ሌላ ነገር ነው።

ማሽኑ ከቤይሩት ስለመጣ ውስጡ ያለው ከተማ ቤይሩት ነው ብዬ አምን ነበር። ሰዎቹ የሚያወሩትም እናቴ አሁን የምታወራው ቋንቋ ነው። አንዱ ቦታ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ቤት አለ። ሰፊ ደረጃ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ የመስታወት መብራት፣ ማንም የማይቀመጥባቸው ወንበሮች። ከደረጃው ጀርባ ባለው ኮሪደር ሲኬድ ማድ ቤት አለ። ማድ ቤቱ ውስጥ ነጭ ሽርጥ ያደረገች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። ፀጉሯን እንደ እናቴ ወደ ኋላ አስራዋለች። ልጆቹ እዚያ ሲደርሱ ፈጥነው ያልፋሉ፤ እሷን መምታት ነጥብ ያስቀንሳል። እኔ ግን በየጠዋቱ ወደ እሷ እሄድ ነበር።

ችግሩ ጠመንጃው ነው። ጌሙን የምናየው በሰላዩ ዓይን ስለሆነ ፊቱ አይታይም፤ የሚታየው ከታች በኩል የወጣው እጁና የያዘው ጠመንጃ ብቻ ነው። እኔ ቀስ ብዬ እንኳ ብገባ፣ ሴትየዋ ዞር ትልና አፈሙዙን አይታ እጇን ታነሳለች፤ ጮኻ ፍሪጁ ጥግ ትገባለች። ፊቷን በደንብ ሳላየው።

አንድ ጠዋት አባቴን ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ጠመንጃው እንዴት ነው የሚቀመጠው?»

«የቱ ጠመንጃ?»

«የሰላዩ። ወደ ማድ ቤት ስገባ ሴትየዋ ትፈራለች።»

አባቴ በርጩማው ላይ እንዳለ ዞረ። ማሽኑ ከመጣ ጀምሮ ቴሌቪዥኑን ፊት ለፊት ሲያይ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሴትየዋ ጥግ ላይ እጇን እንዳነሳች ነበረች። ብዙ አያት። ከዚያ በርጩማውን ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠና ጆይስቲኩን እንደ ትኩስ ነገር በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

«መቀየሪያው የቱ ነው?»

አሳየሁት። ሲጫን የሰላዩ እጅ ወደ ታች ወረደና ሌላ ይዞ ወጣ።

«ይቺ ማካሮቭ ናት» አለ አባቴ። «መኮንኖች ወገባቸው ላይ የሚያስሯት።»

ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ፊደል በፊደል ቆጠርኩና «እንደዚያ አይልም» አልኩት።

«ስሟን ቀይረውት ይሆናላ። እሷ ናት።» ደግሞ ተጫነ። «ይሄ ኡዚ ነው። አጭር ነው፤ አጃቢዎች ኮት ስር ይይዙታል።» ደግሞ ተጫነ። ረጅም አፈሙዝና መነጽር ያለው ወጣ። «ይሄ ድራጉኖቭ ነው» አለና አውራ ጣቱ ቆመ። «አንቺ ሳታዪው እሱ ያይሻል» አለ። ቀጥሎ የመጣውን እኔ ቀድሜ «ክላሽ» አልኩ።

«ክላሽ። እንጨቱን ግን አሳስተውታል፤ ይሄን ያህል ቀይ አይደለም። የኔ ሰደፉ ጠቁሮ ነበር። እጅና ጉንጭ ያጠቁረዋል።»

«የኔ» አለ። አፉን አየሁት። አባቴ ጠመንጃ ነበረው፤ ጉንጩን የሚያስደግፍበት ጠመንጃ።

«ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚሮጠው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ምንም አይበላም?»

«ጌም ነው እኮ አባዬ።»

«ውሃስ?»

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ከልቡ ነበር የጠየቀኝ። መጫኑን ቀጠለ። ሽጉጥ፣ ቦምብ፣ እንደገና ሽጉጥ፣ በመጨረሻ ምንም ያልያዘ እጅ ወጣ። ልጆቹ እዚህ ቦታ ላይ ቆመው አያውቁም፤ ፈጥነው ያልፉታል።

«ይኸውልሽ» አለና ጆይስቲኩን መለሰልኝ። «ባዶ እጅም አለው።»

ባዶ እጄን ከማድ ቤቱ ወጥቼ እንደገና ገባሁ። በዝግታ ነው የገባሁት። ሴትየዋ ዞረች። እጇን አነሳች፤ ጮኸች፤ ወደ ፍሪጁ ጥግ ሮጠች። ልክ እንደበፊቱ።

ዓይኔ እንባ ሞላ። «ምንም አልያዝኩም እኮ» አልኩ።

«ስንት ቀን ሙሉ ሲተኮስባት ከርሟል» አለ አባቴ። «አንድ ቀን ባዶ እጅ ብታይ ቶሎ አታምንም።» ጭንቅላቴን ነካ አድርጎ ተነሣ፤ ልጆቹ በር ላይ ቦቲያቸውን እያወለቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠዋቶቹ ተቀየሩ። የማውቀውን ጠመንጃ ሁሉ እንደማላውቅ ሆኜ እጠይቀዋለሁ። እሱ ስለ ሌላ ነገር ማውራት አይችልም ነበር፤ ስለ ትምህርት ቤት ከጠየቀኝ «ደህና ነው?» ብሎ ያቆማል። ስለ ጠመንጃ ግን ይቀጥላል። ዝናብ ሲገባው የትኛው ነክሶ አልተኩስ እንደሚል፣ ጭቃ ውስጥ ወድቆም የትኛው እንደሚተኩስ ይነግረኛል። ሰላዩ ባዶውን የጥይት ካዝና ወርውሮ ሌላ ሲያጎርስበት ሁልጊዜ ይገርመዋል። «ጣለው አሁንም። ሌላ ማን ይሰጠዋል?» ይላል። ስለ ሰው ግን አንድም ቀን አንሥቶልኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁትም። ድምፁን ለመስማት ነበር የምጠይቀው።

ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ክፍሌ የሚባል ከሌሎቹ በዕድሜ ከፍ ያለ ልጅ ተራውን ሲጠብቅ ወደ ጓዳው በር ዘወር ብሎ፣ «አስቴር፣ እናትሽ ቤይሩት አይደለችም?» አለኝ።

«ናት።»

«በአውሮፕላን እየደበደቧት ነው እኮ፣ ከተማዋን። ሬዲዮ ላይ ሰምቼ ነው።»

ክፉ ልጅ አልነበረም፤ የማውቅ መስሎት ነው። የሚሰማው የጌሙ ተኩስ ብቻ ሆነ። ወደ በሩ ሳይ አባቴ ቆሟል። ክፍሌን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰሞኑን ሬዲዮአችን «ባትሪው አልቋል» ተብሎ ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሏል፤ ግን አባቴ ጓሮ ሲሄድ ይዞት ይሄድ ነበር። እኔ ባትሪውን ፀሐይ ላይ ሊያሞቅ መስሎኝ ነበር፣ ፀሐይ በሌለበት ክረምት።

ልጆቹን አስወጥቶ በሩን ዘጋ። አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«እውነት ነው?» አልኩት።

«እውነት ነው።»

«በክላሽ ነው የሚተኩሱት?»

«አይደለም። ይሄ ከላይ የሚመጣ ነው።»

«ስሙ ምንድን ነው?»

«ስሙን አላውቀውም» አለኝ። እያወቀው እንዳልነገረኝ ከዓይኑ አየሁ። ስሙን ያልነገረኝ የመጀመሪያው መሣሪያ እሱ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ስልክ ያላቸው እትዬ ዘውዲቱ ነበሩ። አባቴ ስለሱ የሚያወሩትን ስለሚያውቅ እናቴ ካልደወለች ደጃቸውን አይረግጥም ነበር፤ የቤት ኪራይ እንኳ በኔ በኩል ነበር የሚልከው። አሁን ግን በየቀኑ ቦቲውን በር ላይ አውልቆ፣ ካልሲ በሌለው እግሩ ሳሎናቸው ይገባ ጀመር። እትዬ ዘውዲቱም ያለፈውን አላነሡም። ስልኩ ያለበትን ጠረጴዛ ጠርገው፣ ወንበር ስበው፣ «ተቀመጥ ታደሰ» ይሉታል። የእናቴን አሠሪዎች ቁጥር ይደውላል። ይጠራል። ማንም አያነሣም። ጆሮውን እንዳስጠጋ እስኪቋረጥ ይጠብቃል። እትዬ ዘውዲቱ፣ «መጥራቱ ራሱ ደግ ነው፤ ቤቱ ቆሟል ማለት ነው» ይሉታል። እኔ በዚህ በጣም ተጽናናሁ። ስልኩ በጠራ ቁጥር ያ ነጭ ቤት ቆሞ ይታየኛል፤ ደረጃው፣ የመስታወቱ መብራት፣ ማንም የማይቀመጥባቸው ወንበሮች። ስልኩ ማድ ቤቱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ታነሣው ነበር እያልኩም አስባለሁ።

ጌም ቤቱ እንደተዘጋ ሰነበተ። ልጆቹ ጥቂት ቀን በሩን አንኳኩ፤ ከዚያ ተዉት። ቤቱ ፀጥ ሲል ከተኩሱ የባሰ ሆነብኝ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሳያቋርጥ ይወርዳል። አባቴ ከሄደበት እስኪመለስ ድምፁን ዘግቼ ጌሙን እከፍታለሁ። አሁን የምሞክረው ሴትየዋን ከቤቱ ማውጣት ነው። ባዶ እጄን ገብቼ በአንድ በኩል ስጠጋት ወደ ሌላው ትሮጣለች፤ እንደ በግ እየነዳሁ እስከ ኮሪደሩ አደርሳታለሁ። ኮሪደሩ አፍ ላይ ግን ትቆማለች። ከዚያ አልፋ አትሄድም። ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ እንጃ። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ከዚያ ማድ ቤት እንድትወጣ አላደረጓትም።

አንድ ቀን ይህንኑ ሳደርግ አባቴ ገባ። ውሃው ከኮቱ ይንጠባጠባል። ይቆጣኛል ብዬ ልዘጋው ስል «ተይው» አለና ሰሌኑ ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። ሴትየዋ ኮሪደሩ አፍ ላይ እጇን አንሥታ ቆማለች፤ ከኋላዋ ትልቅ መስኮት አለ።

«ከመስታወቱ ትራቅ» አለ አባቴ።

ለኔ መስሎኝ ዞርኩ። ወደ እኔ አልነበረም የሚያየው።

«ከመስታወት ትራቅ። ደረጃው ስር ትግባ፤ ደረጃ ቶሎ አይፈርስም። ውሃ ሳይቋረጥ በባልዲ ትቅዳ። ድምፁን ስትሰማ እንዳትሮጥ፤ የሰማሽው አልፎሻል…» በአማርኛ ጀምሮ ሳያውቀው ወደ ቤንችኛ ገባ። እሱና እናቴ ለብቻቸው ሲሆኑ የሚያወሩበት ነው፤ ግማሹ ብቻ ነው የሚገባኝ። እያወራ እጁ ሰሌኑን ይጫነዋል። ከጦርነቱ ይዞት የመጣውን ሁሉ፣ ለኔ ያልነገረኝን ሁሉ፣ ለዚያች ሴት ነገራት።

ማሽኑ ከቤይሩት ስለመጣ ይሰማታል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። አባቴ ሲጨርስ እኔም ጠጋ ብዬ «እማዬ፣ ደረጃው ስር» አልኳት። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። አላረመኝም። ክንዱን በትከሻዬ ላይ አደረገ፤ እርጥብ ነበር፣ ከባድም ነበር። ቴሌቪዥኑ ሞቆ አቧራው እስኪሸት እንደዚያው ተቀመጥን።

ስልኩ የተደወለው ነሐሴ እንደገባ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። እትዬ ዘውዲቱ በአጥሩ በኩል «አስቴር፣ አባትሽን ጥሪ፣ ከቤይሩት ነው» ብለው ተጣሩ። አባቴ ቦቲውን ሳያወልቅ ሳሎናቸው ገባ። ጭቃው እስከ ስልኩ ድረስ ተከተለው። እትዬ ዘውዲቱ ወንበሩን ሳቡለት።

ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ የተናገረው አንድ ቃል ነው። «አለሽ?»

መልሱን ሲሰማ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ከዚያ «ነይ» አለ። «ሰው እየመለሱ ነው ብሏል ሬዲዮው። በሶርያ በኩል ይወጣል አሉ። ነይ በቃ።» አዳመጠ። «ከማን ጋር?» አዳመጠ። «ልጆቿስ?» ብዙ አዳመጠ። እኔ ፊቱን እያየሁ ነበር፤ ደስታው ቀስ እያለ ሲወርድና ሌላ ነገር ሲተካው አየሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። በመጨረሻ «ደግ አደረግሽ» አላት። ስልኩን ለኔ ሰጥቶኝ ወጣ።

የእናቴ ድምፅ ቀጥኗል። ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ፤ ፀጉሬን ማን እንደሚሠራኝ ጠየቀችኝ። ከዚያ ነገረችኝ። ድብደባው ሲጀምር አሠሪዎቿ ልጆቻቸውን በመኪና ጭነው ወጥተዋል። አሮጊት እናታቸው አልጋ ላይ ናቸው፤ መኪናው ውስጥ ለእሳቸውም ለእሷም ቦታ የለም ተባለ። ስልኩ ይጠራ የነበረው የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው፤ እየሰማችው ልታነሣው አልቻለችም፤ አሁን የደወለችው ከጎረቤት ነው። የአገራችን ልጆች ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ነይ ብለዋት ነበር።

«ልሄድ ነበር አስቴርዬ። ፌስታሌን ይዤ በር ላይ ደርሼ ነበር። አሮጊቷ ‹አልማዝ› ብለው ጠሩኝ። እስከዚያን ቀን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ጥያቸው መውጣት አቃተኝ። አሁንም ልጆቻቸው አልተመለሱም።»

አሮጊቷ እስኪሞቱ አብራቸው ኖረች፤ ወደ እኛ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቀን ግን ማናችንም ይህን አላወቅንም። እኔ ያወቅሁት እናቴ በሕይወት መኖሯን፣ መምጣት ስትችል አለመምጣቷን፣ የማላውቃት የሰው እናት አልጋ አጠገብ መቆየቷን ነው።

«እኔስ?» አልኳት።

መስመሩ ውስጥ የሚንሾካሾክ ድምፅ ብቻ ነበር። የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ እናቴ፣ የሚታወቅ ነገር እንደምትነግረኝ ሆና፣ «አንቺማ አባትሽ አለሽ» አለችኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። በሩ ክፍት ነው። አባቴ እንደልባችን እንድናወራ ብሎ ከጣሪያው ክፈፍ አልፎ ግቢው መሀል ቆሟል፤ ዝናቡ ትከሻው ላይ ይወርዳል።

«አዎ» አልኳት። «ውጭ ቆሟል። ዝናብ እየመታው ነው።»

«ጥሪውና ይግባ» አለችኝ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ልጠራው ወጣሁ።